በታንኳው ላይ ምን እንጫን?

በዚህ አምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ነው። ዛሬ እስቲ ከቤት ወጣ እንበልና አብረን ሐይቅ እንሻገር። ደግሞም አትስጉ፤ ዞሮ ዞሮ የምንመለሰው እዚያው ቤታችን፣ ልጆቻችን ከሚጠይቁን ጥያቄ ፊት ነው።

ከአዲስ አበባ በሞጆና በመቂ በኩል ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ዝዋይን፣ በዛሬው መጠሪያዋ ባቱን ታገኛላችሁ። ብዙዎቻችን ወደ ሐዋሳ ስናልፍ አሣ በልተን የምንነሣባት ከተማ ናት። ከበላነው አሣ ጀርባ ያለውን ሐይቅ ግን ቀና ብለን ያየነው ስንቶቻችን ነን? ደምበል ተብሎም የሚጠራው ይህ ሐይቅ ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ግን 10 ሜትር እንኳ አይሞላም። በላዩ 5 ደሴቶች አሉ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ይባላል፤ በኦሮምኛ «ትልቅ ተራራ» ማለት ነው። በአናቱ ላይ ያለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ደሴቱን ሌላ ስም አሰጥቶታል፤ ደብረ ጽዮን፣ የጽዮን ተራራ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤተ ክርስቲያናችን ያለው የባለትዳሮች ኅብረት ልጆቻችንን ይዘን ወደዚያ ተጓዝን። በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ልጆቹ ጉማሬ ለማየት ሲሻሙ፣ እናቶች ልብሳቸውን እየያዙ «ቁጭ በሉ!» ሲሉ፣ ደሴቱ ቀስ እያለ ከውኃው መሐል ብቅ አለ። ከጀልባው ወርደን ወደ ላይ ስንወጣ ዓይኔን የሳበው የእርከኑ ሥራ ነበር። መሬቱ ጠባብና ተዳፋት ስለሆነ፣ የደሴቱ ነዋሪዎች የሆኑት የዛይ ሰዎች ከአያት ቅድመ አያታቸው ጀምሮ ድንጋይ እየካቡ፣ አፈሩ ወደ ሐይቁ እንዳይሄድባቸው እያገዱ ሲያርሱ ኖረዋል። ከዚያ ውጭ መተዳደሪያቸው አሣ ማጥመድና ሽመና ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ነጠላችንን አስተካክለን፣ ጫማችንን አውልቀን ቆምን። ሰው ቤት ሲኬድ የባለቤቱ ሥርዓት ይከበራል። ወንጌላዊ አማኝ መሆናችን ይህን እንድንተው አያደርገንም፤ እንዲያውም የበለጠ ያስገድደናል። አንድ አረጋዊ ካህን በትሕትና ተቀበሉንና ታሪኩን ነገሩን። ንግግራቸውን የጀመሩት «አባቶቻችን እንዲህ ብለው ነገሩን» በማለት ነበር። ይህችን አነጋገር እባካችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ሲነገር የኖረው

የደሴቱ ትውፊት እንዲህ ይላል። ዮዲት ጉዲት በአክሱም ላይ ተነሥታ አብያተ ክርስቲያናትን ባቃጠለች ጊዜ፣ የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ከእሳት አድነው ወደ ደቡብ ተሰደዱ። ከብዙ መንከራተት በኋላ እዚህ ሐይቅ ደረሱ፤ ውኃው ከጠላት ይከልለን ብለው በታንኳ ወደ ደሴቱ ተሻገሩ። ታቦቱም 70 ዓመት በዚህ ተራራ ላይ ተቀመጠ። ሰላም በወረደ ጊዜ ወደ አክሱም ተመለሰ፤ ካመጡት ሰዎች ግን ብዙዎቹ አገሩን ወደውት እዚያው ቀሩ። የዛይ ሰዎች ከእነዚያ ስደተኞች እንደሚወለዱ ይናገራሉ።

ይህን የሚመስል ታሪክ ያለው ደብረ ጽዮን ብቻ አይደለም። በጣና ሐይቅ የምትገኘው የጣና ቂርቆስ ገዳምም ታቦቱ ወደ አክሱም ከመግባቱ በፊት 800 ዓመት በእርስዋ ዘንድ እንደ ነበረ ትተርካለች። በክፉ ቀን የከበረውን ነገር ወደ ውኃ መሐል ማሻገር ለአባቶቻችን የታወቀ መንገድ ነበር ማለት ነው።

ስንመለስ በጀልባው ላይ ዐሥር ዓመት የሆናት ልጄ ጠጋ አለችኝና «እማዬ፣ ታቦቱ እውነት እዚህ ነበር?» አለችኝ። ከመመለሴ በፊት አጠገባችን የተቀመጠ አንድ ወንድም ሳቅ ብሎ «ተረት ነው በያት!» አለ። ልጅቷ ፊቴን ታያለች። እኔ ምን ብዬ መለስኩላት? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?

ሦስት ዓይነት ዕቃ

«ተረት ነው» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። ግን ልክ አይደለም፤ ምክንያቱም ተረት ያልሆነ ነገር አለበት። «አዎ፣ እውነት ነው» ማለትም ቀላል ነው። እርሱም ልክ አይደለም፤ የማላውቀውን እንደማውቅ ማድረግ ነውና። ስለዚህ ልጄን «ነይ፣ ሦስት ቦታ እንለየው» አልኳት። በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈ፣ በታሪክ የተመዘገበና ሲነገር የኖረ። ሦስቱም ዕቃዎች ናቸው፤ ግን በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ በአንድ መደርደሪያ ላይ አይቀመጡም።

እስቲ ከታሪኩ እንጀምር። በ10ኛው ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ ላይ የተነሣች ንግሥት እንደ ነበረች በዚያው ዘመን የኖረው የዐረብኛ ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል መዝግቧል። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ የተባለው መጽሐፍም የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ ደብዳቤ ልኮ አንዲት ንግሥት አገሩን እንዳጠፋችበትና ከቦታ ወደ ቦታ እንዳሳደደችው ማልቀሱን ይነግረናል። እንግዲህ ጦርነቱም ስደቱም ከሜዳ የተፈጠረ ወሬ አይደለም። እንዲሁም ከ1529 እስከ 1543 እ.ኤ.አ. በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ በሐይቁ አካባቢ የነበሩ ክርስቲያኖች ወደ ደሴቶቹ መሸሻቸው ይታወቃል። በብራና የተጻፉ ጥንታዊ መጻሕፍት ዛሬም ድረስ በደሴቱ ላይ አሉ። እስከ አፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ ለብዙ መቶ ዓመታት ከሌላው ክርስቲያን ተለይተው፣ በውኃ ታጥረው እምነታቸውን ጠብቀው የኖሩ ሰዎች ነበሩ። የዛይ ቋንቋም ከስልጤና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስስ ምን ይላል? የሳባ ንግሥት ወደ ሰሎሞን መጥታ ጥበቡን እንዳየች ይነግረናል (1ነገ. 10፥1-13)። ስለ ልጅ ግን አንዳች አይናገርም። የቃል ኪዳኑ ታቦት በኢዮስያስ ዘመን ከካህናቱ ጋር ተጠቅሶ እናገኘዋለን (2ዜና 35፥3)። ባቢሎናውያን ከቤተ መቅደስ ዘርፈው የወሰዱት ዕቃ በዝርዝር ሲቈጠር ግን ታቦቱ በዝርዝሩ ውስጥ የለም (2ነገ. 25፥13-17)። የት ሄደ? ቃሉ ዝም ብሏል። ቃሉ ዝም ባለበት ቦታ የሰው ልጅ ልብ ዝም ማለት አይሆንለትምና ብዙ ትረካዎች የበቀሉት እዚህ ክፍተት ላይ ነው።

የቀዳማዊ ምኒልክንና የታቦቱን ጉዞ የሚተርከው ክብረ ነገሥት በግዕዝ የተጠናቀረው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ከሰሎሞን ዘመን ጋር ሲተያይ ከ2,000 ዓመት በላይ ርቀት አለው ማለት ነው። ከአክሱም እስከ ዝዋይ ሐይቅ ያለው መንገድም በቀጥታ ቢለካ እንኳ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ምን ተሸክመው እንደ መጡ በዓይኑ ያየ ምስክር የጻፈልን ነገር የለም። ስለዚህ የታቦቱን ነገር በሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከነክብሩ እናስቀምጠዋለን፤ «ሲነገር የኖረ» ብለን። ለኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ይህ ትረካ ከእምነታቸው ልብ የተጣበቀ ነውና በላዩ መሳቅ የወንጌል ልጅ ሥራ አይደለም። ልጅን በሰው ቅርስ ላይ መሳቅ ያስተማረ፣ ነገ በራሱ እምነት ላይ ስትስቅ ቢሰማት ሊደነቅ አይገባውም።

ልጄ ጥቂት አሰበችና «ታዲያ እነዚያ ሰዎች ለምን ያን ያህል ደከሙ?» አለችኝ። ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ ከባድ ነው፣ አይደለም?

የእኛስ ወሬ?

ወደ እርሱ ከመሄዳችን በፊት ግን እህቴ ሆይ፣ ወንድሜ ሆይ፣ ጣታችንን ወደ ራሳችን እናዙር። የሌላውን ትውፊት ለመመርመር ፈጣኖች ነን። በገዛ መድረካችን ላይ የሚበቅለውን ትውፊትስ ማን ይመርምር? እሑድ ዕለት ትኩሳት የነበረው በሽታ ረቡዕ ሲነገር ታይፎይድ ይሆናል፤ በወሩ መጨረሻ ላይ «ሐኪም ተስፋ የቈረጠበት» ይሆናል፤ በዓመቱ ወደ ሌላ ከተማ ሲደርስ ሰውዬው ሞቶ ተነሥቷል! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ተናጋሪው ውሸታም ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ እግዚአብሔርን ከፍ ለማድረግ የፈለገ መስሎት ይሆናል። እግዚአብሔር ግን ከፍ እንዲል የእኛ ጭማሪ አያስፈልገውም።

ይህ ነገር ለምን የቤተሰብ መጽሔት ጉዳይ ሆነ ትሉ ይሆናል። ልጆቻችን ስለሚሰሙን ነው። አንድ ልጅ እናቱ ጉባኤ ፊት ቆማ የመሰከረችውን ሲሰማ፣ በዚያ ቀን ቤት ውስጥ የሆነውን ራሱ አይቷልና ያመዛዝናል። ጭማሪውን ያውቀዋል። ዛሬ ምንም አይልም። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ግን «ያ ከተጨመረበት ይሄስ? የኢየሱስ መነሣትስ?» ብሎ ይጠይቃል። የተጨመረውን ሲጥል ያልተጨመረውንም አብሮ ይጥለዋል። ከቤተ ክርስቲያን የራቁ የአማኝ ልጆችን አነጋግሩ፤ ከእግዚአብሔር ጋር ሳይሆን እኛ ከጨመርነው ጋር የተጣሉ ብዙዎች ናቸው።

አሁን የካህኑን አነጋገር አስታውሱ፤ «አባቶቻችን እንዲህ ብለው ነገሩን»። አየሁ አላሉም። የሰሙትን የሰማሁት ነው አሉ። ይህ ታማኝነት ነው። ሉቃስም ወንጌሉን ሲጀምር ከዓይን ምስክሮች የተቀበለውን በጥንቃቄ ተከታትሎ እንደ ጻፈ ይናገራል (ሉቃ. 1፥1-4)። የእኛ እምነት መርማሪን የሚፈራ እምነት አይደለም።

ታቦት የያዘ ሁሉ አልዳነም

እንግዲህ ወደ ልጄ ሁለተኛ ጥያቄ እንሂድ። ሰዎች ለምን ያን ያህል ይደክማሉ? በክፉ ቀን ምን ይዞ መሻገር ይገባል?

መጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ተቃራኒ ታሪኮች አስቀምጦልናል። በሴሎ ዘመን እስራኤል በፍልስጥኤማውያን ሲመቱ ታቦቱን ወደ ጦር ሜዳ አወጡት። ልባቸው ግን ከአምላካቸው ርቆ ነበር። 30,000 እግረኛ ወደቀ፤ ታቦቱ ተማረከ፤ የ98 ዓመቱ ዔሊ ከወንበሩ ወድቆ ሞተ፤ ምራቱም ልጇን ኢካቦድ ብላ ጠርታ ዐረፈች (1ሳሙ. 4፥10-21)። ያስተውሉ፣ ታቦቱ በእጃቸው ነበር። በዔሊ ቤት የጎደለው አባት ለልጆቹ ማስተላለፍ የነበረበት እግዚአብሔርን መፍራት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የአቢዳራ ነው። ታቦቱ በቤቱ የቆየው 3 ወር ብቻ ነበር፤ እግዚአብሔር ግን እርሱንና ቤተ ሰዎቹን ሁሉ ባረከ (2ሳሙ. 6፥11)። በረከቱ የደረሰው ለቤተ ሰው ነው። እግዚአብሔር ከመጀመሪያው የፈለገው በዕቃ ውስጥ መቀመጥ ሳይሆን ከሰው ጋር ማደር ነበር። ለዚህም ነው ነቢዩ ኤርምያስ ሕዝቡ የቃል ኪዳኑን ታቦት ከቶ የማያስቡበት፣ የማይናፍቁበት ዘመን እንደሚመጣ የተናገረው (ኤር. 3፥16)። እኛ ያ ዘመን በክርስቶስ እንደ መጣልን እናምናለን። ቃል ሥጋ ሆኖ በእኛ አደረ።

የእኛም አባቶች ተሻግረዋል

የወንጌላውያን አማኞች ታሪክ የሐይቅ መሻገሪያ የለውም ያለው ማን ነው? በደርግ ዘመን የነበረውን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። በጥር 1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿም ታሰሩ። ሕንጻ የለ፣ መድረክ የለ፣ የድምፅ ማጉያ የለ። ምእመናኑ በጣት የሚቆጠሩ ሆነው በየቤቱ ይሰበሰቡ ነበር። መዝሙር በሹክሹክታ ተዘመረ። መጽሐፍ ቅዱስ ተደብቆ ተነበበ። ልጆች በር ላይ ሆነው የሚመጣውን ሰው ይጠብቁ ነበር።

ሲዘጋ አባላቷ 5,000 ገደማ የነበሩት ያቺ ቤተ ክርስቲያን በ1983 ዓ.ም. በይፋ ስትከፈት ወደ 34,000 ደርሰው ተገኙ! ይህ ከሁለተኛው መደርደሪያ ነው፤ የተመዘገበ ታሪክ ነው፤ ጭማሪ አያስፈልገውም። እነዚያ እናቶችና አባቶች በታንኳቸው ላይ የጫኑት ምን ነበር? ሕንጻውን መጫን አይቻልም። የጫኑት ቃሉን፣ ጸሎቱንና እርስ በርስ መዋደዱን ነው። ታንኳቸውም የአቢዳራ ቤት ዓይነት ተራ ቤት ነበር፤ ሳሎን፣ ወጥ ቤት፣ የልጆች መኝታ።

ዛሬ ጌታ ይመስገን አዳራሽ አለን። ኪቦርድ አለን፣ ስክሪን አለን። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ በአንድ ሌሊት ቢወሰዱ ልጆቻችን ይዘውት የሚሻገሩት ነገር በልባቸው አለ ወይ? ከኢያሱ በኋላ እግዚአብሔርን የማያውቅ ሌላ ትውልድ እንደ ተነሣ እናነባለን (መሳ. 2፥10)። ያ ትውልድ የማይታዘዝ ሕዝብ ከሩቅ አገር አምጥቶ የተከላቸው አልነበረም። ዮርዳኖስን የተሻገሩት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ።

የዛይ ሰዎችም ይህ ሥጋት አለባቸው። የቋንቋቸው ተናጋሪዎች በጥቂት ሺህዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ መሬት ጠብቧቸው ብዙዎች ወደ ሐይቁ ዳር ወጥተዋል፤ ልጆቻቸውም በኦሮምኛና በአማርኛ መካከል ያድጋሉ። ቋንቋ በጦርነት ብቻ አይጠፋም። እናት ለልጇ መናገር ስታቆም ቀስ ብሎ ይጠፋል። እምነትም እንዲሁ ነው።

በዚህ ሳምንት በቤታችን

ታዲያ ምን እናድርግ? ከቤታችን አቅም የማያልፉ ጥቂት ነገሮች ልጠቁማችሁ።

አንደኛ፣ በቤታችሁ ሦስት ቃላትን አስለምዱ፤ «ተጽፏል»፣ «አየሁ»፣ «ሰማሁ»። ልጁ አንድ ነገር ሲነግራችሁ «ይህ ከሦስቱ የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። እናንተም ስትነግሩት ራሳችሁ ለዩለት። ቤቱ በአንድ ወር ውስጥ ሌላ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ በደርግ ዘመን ያመኑ አያት፣ አክስት ወይም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ካሉ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና ጠይቋቸው። ቡና ይፈላ፤ ልጆቹ ይጠይቁ፤ አንዱ ይጻፍ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሆነውን በትክክል መዝግቡ። እነዚህ ሰዎች እያለፉብን ነው። ዛሬ ካልጻፍነው የነገዎቹ ልጆች የሚቀበሉት ትውፊት ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ «ለምን?» የሚል ልጅ አትቆጡ። እግዚአብሔር ለእስራኤል ድንጋይ ያስተከላቸው ልጆች «ይህ ምንድር ነው?» ብለው እንዲጠይቁ ነበር (ኢያ. 4፥6)። የልጅ ጥያቄ የአመፅ ምልክት አይደለም፤ አደራ መቀበያ እጅ ነው። መልሱን ካላወቃችሁት «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» በሉት። ይህ ቃል ወላጅን አያሳንስም።

አራተኛ፣ ዕድሉ ካላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የአገራችንን ጥንታዊ ቦታዎች ጎብኙ። በአክብሮት ግቡ፣ ሥርዓቱን ጠብቁ፣ አድምጡ። የክርስትና ታሪካችን በሚስዮናውያን መምጣት የጀመረ አይደለም። ከሺህ ዓመት በላይ በእሳትና በውኃ መካከል የክርስቶስን ስም ይዘው የኖሩ ወገኖች እንዳሉን ልጆቻችን ይወቁ። በምንለያይበት ነገር እንለያይ፤ ባለ ዕዳ መሆናችንን ግን አንካድ።

በመጨረሻም እህቴ፣ ዛሬ ማታ ልጆችሽ ከመተኛታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂያቸው፦ «ከቤታችን በችኮላ ብንወጣና ስለ እግዚአብሔር የምታውቁትን ብቻ ይዛችሁ እንድትሻገሩ ብትባሉ ምን ትይዛላችሁ?» መልሳቸውን በጸጥታ ስሚ። ጥቂት ቢሆን አትደንግጪ፤ ኤውንቄም በጢሞቴዎስ ልብ ያኖረችው በአንድ ቀን አልነበረም (2ጢሞ. 1፥5)። ያቺው ጥቂት የሚጀመርባት ናት። ነገ ማታ አንድ ጨምሪባት።

ጌታ ቤታችሁን የአቢዳራ ቤት ያድርገው። እስከሚቀጥለው እትም በሰላም ያገናኘን። ተባረኩ!